ከአክራ ሎሜ ሃምሳ ደቂቃ

ወደ አክራ የሄድኩት ለአክስቴ ልጅ ለሰብለ ባሏ መታመሙን ልነግራት ነው። እኔ የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ፣ ከፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳልርቅ ነው። እሷ የምትኖረው የጋና ዋና ከተማ አክራ። ባሏ ዳዊት የታመመው የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ። ካርታ አይቶ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ከዚህ ጀምሮ አይገባውም። ሁለቱ ከተሞች ባንድ የባሕር ዳርቻ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው፤ ከኦክላንድ ተነስቶ ሳክራሜንቶን ትንሽ አለፍ እንደማለት ነው። ርቀታቸውን ለጠየቀ ሰው ኢንተርኔት ሳያስብ ይመልስለታል፤ በአየር ወደ መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር፣ በረራው ሃምሳ ደቂቃ ገደማ። እኔ ግን ይህንን ወሬ ለማድረስ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጥሎም አትላንቲክን ማቋረጥ ነበረብኝ። እንዴት እንደዚህ እንደሆነ እነሆ።

ሳን ሆዜ፣ ጋራዡ ውስጥ

ዳዊት የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ነበር። ሥራው ሎሜ ነው። ሰብለ ደግሞ አክራ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜና እሑድ አንዴ እሱ ይመጣል፣ አንዴ እሷ ትሄዳለች። እንዲህ እየተመላለሱ ዓመታት ኖረዋል፤ ልጅ የላቸውም፣ በመካከላቸው የነበረው መንገዱ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ዳዊት ሥራ ላይ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ። አብሮት የሚሠራው ብሩክ የሚባል ያገራችን ልጅ ሆስፒታል አደረሰውና ስልኩን አወጣ። የሰብለ ቁጥር ነበረው። የደወለው ግን ሳን ሆዜ ነው፤ ለዳዊት አጎት ለጋሽ ተሾመ።

ይህ ያገሬን ሰው አይገርመውም። ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም። መጀመሪያ ትልቅ ሰው ይፈለጋል። ትልቁ ሰው ሌሎች ትልልቅ ሰዎችን ይሰበስባል። ከዚያ ማን ይንገራት፣ መቼ ይነገራት፣ በልታ ነው ሳትበላ እየተባለ ይመከራል። ስለዚህ ወሬው ከሎሜ ተነሳ፣ ሰብለን አጠገቧ ሆኖ ዘለላት፣ ውቅያኖስ ተሻገረና ካሊፎርኒያ ገባ። የሳተላይት ዘመን ሲባል እሰማለሁ። እኛ ሳተላይቱንም ሽማግሌ አድርገነዋል።

ማክሰኞ ማታ ሰዉ ከሥራ ሲወጣ ጋሽ ተሾመ ቤት ተጠራሁ። የገባነው ሳሎን ሳይሆን ጋራዥ ነው። ሳሎኑ ውስጥ የጋሽ ተሾመ ታላቅ እህት፣ የዳዊት እናት፣ እማማ አስካለ ቴሌቪዥን ያያሉ፤ እሳቸውም መስማት የለባቸውም። ድምፃችንን እንዲሸፍን የልብስ ማጠቢያው ማሽን ባዶውን ተለቀቀ። ስድስት ጎልማሳ ሰዎች በሁለት መኪና መሐል ቆመን፣ ማሽኑ ውኃ ሲሞላ ዝም እያልን፣ ሲሽከረከር እየተናገርን መከርን።

«በስልክ አይነገራትም» አሉ ጋሽ ተሾመ። «ብቻዋን ናት። ደንግጣ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

«ብቻዋን የሆነችው እኛ ስለደበቅናት ነው እኮ ጋሼ። ይነገራትና ባሏ ጋ ትሂድ» አልኩ።

«አንተ ጸሐፊ፣ እዚህ አርቲክል አይደለም የምንጽፈው።»

ሳቅ ተሳቀ፤ በሹክሹክታ። ሚልፒታስ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ የምትሠራው ልጃቸው ናርዶስ ማድረቂያው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካ ነበር። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ቀና አለችና ስልኩን አሳየችን።

«ዳድ፣ ፍላይቱ ፊፍቲ ሚኒትስ ነው። ጀስት ኮል አድርጓት።»

«ኮል አድርገን ምን እንበላት?»

«ዘ ትሩዝ?»

ጋሽ ተሾመ ወደ እኔ ዞሩ። «እዚህ ስላደገች ነው» አሉኝ፣ ጠረጴዛ ላይ ያስመለሰ ሕፃን ይዞ እንደሚያፍር ሰው።

ሰብለ እስከዚያ የተነገራት፣ ዳዊት ባማኮ የተበላሸ አውሮፕላን ሊሠራ ተልኳል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም የሚል ነበር። ውሸቱን የፈጠረው ብሩክ ነው፤ የባረከው ጉባኤው። ቀጥሎ አንድ ሰው አጠገቧ ሆኖ ይንገራትና ይዟት ይሂድ ተባለ። አክራ ውስጥ የሚታወቅ ዘመድ የለም። የጋና ቪዛ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ፤ ባለፈው ዓመት ለደራስያን ስብሰባ ተጋብዤ ሄጄ ነበር። ይህንን ልማድ በጋዜጣም በመጽሔትም ስተች ኖሬያለሁ፤ ወሬን ማዘግየት ደግነት ሳይሆን ስርቆት ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ማሽኑ ማጠቡን ሲጨርስ ናርዶስ ቲኬቱን ቡክ እያደረገችልኝ ነበር። በወረቀት ላይ የተቃወምኩት ሁሉ ጋራዥ ውስጥ ሲሆን እሺ አልኩ።

ስወጣ እማማ አስካለ ከሶፋቸው ጠሩኝ። «ምነው ዛሬ ሁላችሁም ልብስ አጣቢ ሆናችሁ?» አሉኝ።

ጭጋግ

ረቡዕ ጠዋት የሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። ለቱሪስት ፖስትካርድ የሚሸጥበት ያው ጭጋግ። አውሮፕላኖቹ ባፍንጫቸው ብቻ ይታያሉ። የኛው በረራ ተራው ሲደርስ ረፋዱ አልፎ ነበር፤ ኒውዮርክ ስገባ ወደ አክራ የሚሄደው ሄዷል። የሚቀጥለው በማግሥቱ ነው። የአየር መንገዱ ሠራተኛ የምግብ ኩፖን ሰጠችኝ። በኩፖኑ የሚገኘው ደረቅ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ውኃ ሲሆን፣ ፖም ለመጨመር ሦስት ዶላር ከኪስ ይጠየቃል። ፖሙን ገዛሁ። አልበላሁትም።

ለብሩክ ጻፍኩለት። «ዘግይቻለሁ። አንተው ደውልላት።»

«አንተ እየመጣህ አይደል?» ብሎ መለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቶሎ ና» አለ።

ወዲያው ከሰብለም መልእክት ገባ። ጋሽ ተሾመ ለስብሰባ እንደምመጣ ነግረዋት ኖሯል። «ስትመጣ ኤርፖርት እቀበልሃለሁ! ያ ኩሩ ባሌ ባማኮ ገብቶ ጠፍቷል፣ እስከ ቅዳሜ ከተመለሰ ሦስታችን እንበላለን። ካልተመለሰ አንተ ትበላለህ እሱ ይቆጨዋል።»

ተርሚናሉ ውስጥ አንድ ሰውዬ ወለል እየወለወለ በእግሬ ዙሪያ ዞረ። «ሰብልዬ፣ ዳዊት ሎሜ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ብቻዋን ብትወድቅስ የሚለው የጋሽ ተሾመ ድምፅ መጣብኝ። አጠፋሁት። ጋሽ ተሾመን የሚያህል ክርክር የማይችል ሰው በሕይወቴ አልገጠመኝም፤ አንድም ጊዜ ደግሞ አሸንፌያቸው አላውቅም።

አክራ

አርብ ጠዋት አክራ አረፍኩ። ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል። ሰብለ ከመውጫው ፊት ቆማ፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ስሜን በካርቶን ላይ ጽፋ ይዛለች፤ እንደ ሆቴል ሾፌር። ልጆች ሆነን ጀምሮ እንዲህ ነው የምታሾፍብኝ።

«ሚስተር ደራሲ! ሻንጣዎት ይኼ ብቻ ነው? መጽሐፍ የለም?»

«የለም።»

«ታመሃል እንዴ? ምን ሆነሃል?»

የተሰጠኝ ትእዛዝ ቤት እስክንገባ፣ ምሳ እስክትበላ፣ ጎረቤት እስኪጠራ እንዳልናገር ነበር። ታክሲ ውስጥ ገባን። ሾፌሩ ክዌሲ ይባላል፤ ደንበኛዋ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሎሜ የሚያደርሳት እሱ ነው። ከአየር ማረፊያው አደባባይ ሳንወጣ ተናገርኩ። ያን ያህል አምጬ እንኳ ያወጣሁት እውነት ግማሽ ነበር።

«ሰብለ፣ ዳዊትን ትንሽ አሞታል።»

«ባማኮ?»

«ሎሜ።»

«መቼ ተመለሰ?»

«አልሄደም። ከሰኞ ጀምሮ ሎሜ ሆስፒታል ነው።»

መስኮቱን ዘጋችው። ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ መውደቅ፣ ደረት መምታት፣ ጉባኤው የፈራውን ሁሉ። ምንም አልሆነችም። እኔን ለረጅም ጊዜ አየችኝና፣ «አንተ ከካሊፎርኒያ ድረስ መጥተህ ነው የምትነግረኝ?» አለች።

ስሜ የተጻፈበትን ካርቶን ገለበጥኩት።

«እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ? ሰኞ ማታ ፍላይት ነበር እኮ። ማክሰኞ ነበር። ባይኖርስ ክዌሲ አለ።»

ክዌሲ ስሙን ሲሰማ በመስታወት አየን። የዕለቱ የጠዋት በረራ ሄዷል፣ የሚቀጥለው ማታ ነው። በመኪና ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። «ሎሜ» አለችው። ዋጋ አልጠየቀችም፤ እሱም አልተናገረም። ከተማውን ሳንጨርስ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበሩ ላይ ሰበሰበች።

የሎሜ መንገድ

ከወደብ ከተማው ከቴማ በኋላ መንገዱ ጠባብ ነው፣ አገሩ ሜዳ። ጨው የተከመረባቸው ጉድጓዶች፣ ብቻቸውን የቆሙ የባኦባብ ዛፎች፣ የሸንኮራ አገዳና የቀዝቃዛ ውኃ ሻጮች። በየተወሰነ ርቀት ፖሊስ ገመድ ዘርግቷል። ክዌሲ በየገመዱ ፈገግ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፣ የሚሰጠውንም ይሰጣል፣ እናልፋለን። ሥራ ላይ መውደቁን ስነግራት ሰብለ ለብሩክ ደወለች። ነቅቷል ወይ አለችው። ሐኪሞቹ አጠገቡ ናቸው፣ ቶሎ ኑ አላት። ስልኩን ዘግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት። «ቶሎ ኑ ካለ አለ ማለት ነው» አለችኝ። እኔም እንደዚያው ነበር የሰማሁት።

ከዚያ ታወራ ጀመር። እሑድ ማታ ሲለያዩ ተኮራርፈው ነበር፤ በማይረባ ነገር፣ እሷ ሎሜ ትዛወር በሚለው። ሳምንቱን ሙሉ የስድብ መልእክት ስትልክለት ከርማለች። «ባማኮ ጥሩ ሴት አግኝተህ ነው አይደል ብዬዋለሁ» አለች። «ሲነቃ ሁሉንም ያነበዋል። ይስቅብኛል።»

ሶጋኮፔ የምትባል ከተማ ላይ የቮልታ ወንዝን ድልድይ ከማለፋችን በፊት መኪኖች ተደርድረው ቆመው ነበር። እንደቆምን በየመስኮቱ ሻጮች ወረሩን፤ የተጠበሰ ሽሪምፕ፣ ጥቃቅን ዓሣ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ የበቆሎ ዳቦ። ዳቦውን አቦሎ ይሉታል። ዳዊት ሁልጊዜ እዚህ ያስቆም ነበር አለች። አቦሎና ሽሪምፕ ገዛች፣ አንድ ሰው የማይጨርሰውን ያህል። አንዷ ሻጭ ልጅ «ባልሽስ ዛሬ የለም?» አለቻት በእንግሊዝኛ። «ወደሱ ነው የምሄደው» አለቻት።

ድልድዩ ላይ ሳለን ብሩክ ደወለ፤ ለኔ ነው። ስልኬ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው።

«የት ደረሳችሁ?»

«ሶጋኮፔ።»

«እሺ… ቀስ ብላችሁ ኑ።»

ዘጋ። ከበታች ወንዙ ሰፊና ቡናማ ነው፣ ታንኳዎች አሉበት።

«ቀስ ብላችሁ ኑ አለ?» አለች ሰብለ።

ከትንሽ ሰዓት በፊት ቶሎ ኑ ያለ ሰው ቀስ በሉ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ያገራችን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ይህንን ያህል ውቅያኖስ አቋርጬ የመጣሁት ልነግራት ነበር። የነገራት ግን የብሩክ ትሕትና ነው። ክዌሲ አማርኛ አይችልም፤ በመስታወቱ ሲያየን ግን ገባው መሰለኝ ሬዲዮኑን አጠፋ።

ከድልድዩ እስከ ድንበሩ ያለው መንገድ ገና ብዙ ነበር። አላለቀሰችም። የአቦሎውን ፌስታል በሁለት እጇ ጭኗ ላይ ይዛ፣ ቅጠሉ እንዳይፈታ የምትጠነቀቅ ትመስላለች። የጋና ጠረፍ አፍላኦ ስንደርስ ድንበሩና የሎሜ ከተማ አንድ ናቸው፤ ሰው በእግሩ ከአገር አገር ይሻገራል፣ ሴቶች ጨርቅና ቲማቲም ተሸክመው ያልፋሉ። የኢሚግሬሽን መኮንኑ የጉዞዋን ዓላማ ጠየቃት።

«ባሌ ጋ» አለች።

«ለስንት ቀን?»

እሱን ነው ያልቻለችው። እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደፋች።

ሎሜ

ብሩክ ከሬሳ ክፍሉ ደጃፍ ቆሞ ነበር። ወጣት ነው፣ ዓይኑ አብጧል፣ ሰኞ የለበሰውን የሥራ ሸሚዝ ነው የለበሰው። ሊያቅፋት ሲል በእጇ ከለከለችው።

«ቁጥሬ የለህም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ?»

«ፈራሁ እቴቴ። ትልቅ ሰው ይንገራት ብዬ ነው።»

«ንግግር ነበረው? መጀመሪያ ስታመጣው?»

ብሩክ እኔን አየ። እኔ ደግሞ መሬት።

«ሰኞ ሙሉ ቀን ይናገር ነበር» አለ። «ሰብለን ጥሯት፣ መጣች ወይ ይል ነበር። ለጋሽ ተሾመ ነግሬያቸዋለሁ። ሰው ልከናል፣ አይዞህ በለው አሉኝ። አይዞህ አልኩት። ማክሰኞ ሌሊት፣ ለረቡዕ አጥቢያ ነው ዝም ያለው።»

ያን ሰዓት ሳን ሆዜ ገና ማክሰኞ ማታ ነው፤ እኛ ጋራዥ ውስጥ ነበርን፣ ማሽኑ እየዞረ። ዳዊት ይጠራት እንደነበር ጉባኤው ላይ አልተነገረም። ጋሽ ተሾመ ይህንንም ከኛ ደብቀውታል፤ እንዳንደነግጥ።

የሚቀጥሉት ቀናት የወረቀት ነበሩ። የሎሜ ሐበሾች፣ ብዙዎቹ የዳዊት የሥራ ባልደረቦች፣ ምንጣፍ ዘርግተው ተቀመጡልን፣ አበሉን፣ ሣጥኑን አዘጋጁ። ደግ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው ስምንቱ ከሰኞ ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ደግነታቸው ላይ ቅር የሚለኝም ይኸው ነው። ሰብለ ሬሳውን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ልትበር ስትል አየር ማረፊያው ላይ እጄን ያዘች።

«እናቱ ሰምተዋል?»

«አልሰሙም።»

«ስትደርስ ያኔውኑ ንገራቸው። አንተው። እኔን እንዳደረጋችሁኝ አታድርጓቸው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ማልልኝ።»

ማልኩላት።

ሃምሳው ደቂቃ

የኔ መመለሻ ከአክራ ስለነበረ ከሎሜ አክራ በአውሮፕላን ሄድኩ። ሄጄ አየሁት። ተነሳን፣ በግራ በኩል ባሕሩ፣ በቀኝ ቀይ አፈር። ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት ጠፋ። አስተናጋጇ የአናናስ ጭማቂ ሰጠችን። ጭማቂውን ሳልጨርስ ብርጭቆውን ሰበሰበችው፣ መብራቱም በራ። ቮልታ ከላይ ሲታይ ቀጭን ነው፤ ድልድዩን ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም። አጠገቤ ጨርቅ ነጋዴ የሆኑ ወፍራም የሎሜ ሴትዮ ተቀምጠዋል። በሳምንት ሁለቴ እንደሚመላለሱ ነገሩኝ። «ቅርብ ነው» አሉኝ፣ «ከገበያ ቤቴ ከመግባት ይሻላል።»

ኢንተርኔቱ ልክ ነበር። አልዋሸም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያልዋሸ እሱ ብቻ ነው።

ሳን ሆዜ

ኦክላንድ ሐሙስ ገባሁ። ሻንጣዬን ሳልፈታ መኪና አስነስቼ ወደ ሳን ሆዜ ነዳሁ፤ ፍሪዌዩ ላይ ቃላት እየመረጥኩ። ከጉዞው ምን ተማርክ ለሚሉኝ፣ ምንም ነው መልሴ፤ የማውቀውን ነው ይዤ የሄድኩት፣ ያንኑ ይዤ ነው የተመለስኩት።

ጋሽ ተሾመ በሩ ላይ ያዙኝ። አርጅተዋል፤ በሳምንት ውስጥ። አልተቆጣኋቸውም፣ የሚቆጣ ጉልበት አልነበረኝም። እሳቸው ግን አቀፉኝና፣ «እንኳን አንተ ደረስክላት» አሉኝ። «አየህ፣ ብቻዋን ብትሆን ኖሮስ?»

መርዶው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ነው አሉኝ። ካምቤል የሚኖሩ ዘመዶች ቤት ተሰባስበን፣ ከቄሱ ጋር አብረን እንመጣለን። ቅዳሜ የሆነው ሰዉ ሁሉ ኦፍ ስለሆነ ነው። የእማማ አስካለ ስልክ ሪፔር ገብቷል ተብሎ ተወስዷል። ዋይፋዩም ተበላሽቷል።

«ዛሬ ነው የምነግራቸው» አልኩ። «ለሰብለ ምያለሁ።»

ከኋላቸው ናርዶስ ቆማለች። «ፕሊስ» አለችኝ፣ ለኔ ነው ለአባቷ አላወቅኩም።

«ደም ግፊት አለባት» አሉ ጋሽ ተሾመ። ድምፃቸው ተሰበረ። «እህቴ ናት። ያሳደገችኝ እህቴ አንድ ነገር ብትሆንብኝ… ሁለት ቀን ነው። ሁለት ቀን ልጇ ይኑርላት።»

ከሳሎን እማማ አስካለ፣ «ማነው? ያ ጸሐፊ ነው? ና ልጄ፣ ና» አሉ።

ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ትንሽና ሞቃት ነው።

«አፍሪካ ነበርክ አሉ። ልጄን አየኸው?»

«አየሁት እማማ።» ይህ እውነት ነበር።

«ከስቷል?»

«ትንሽ።»

«ስልክም አይደውል። ሰው ሁሉ ስልኩ ተበላሸ።» ሳቅ አሉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሲያስበው የቆየውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ጠጋ አሉኝ። «ንገረኝ እስቲ፣ እሱ ያለበት አገር ከሰብለ ሩቅ ነው?»

እዚህ ላይ ነበር መናገር። መግቢያው እሱ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ አላገኝም። ጋሽ ተሾመ በኮሪደሩ ቆመው ያዩኛል። ከጋራዡ የልብስ ማጠቢያው ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎች ገብተዋል ማለት ነው።

«ቅርብ ነው» አልኩ። «በአውሮፕላን ሃምሳ ደቂቃ ነው።»

እጃቸውን ከእጄ አውጥተው ደረታቸው ላይ አሳረፉት።

«ተመስገን» አሉ። «እንግዲያው ቢያመው እንኳ ትደርስለታለች።»

«ትደርስለታለች» አልኩ።